ከብሩ በፊት ሌዋውያኑ

(በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ የሽማግሌዎችና የገንዘብ አገልጋዮች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ አገልጋዮች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ለቤተ ክርስቲያን ሰውና ገንዘብ በእግዚአብሔር መታመን» የሚል ነው። ርእሱን ያሳወቀኝ ወንድም በስልክ «ገንዘብ የሚለውን ጠበቅ አድርገህ ተናገር፤ ግንባታው ቆሟል» ብሎ አሳስቦኝ ነበር። ማሳሰቢያውን ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ በርእሱ ላይ «ሰው» የሚለው ቃል «ገንዘብ» ከሚለው ቀድሞ ተቀምጧል፤ ቅደም ተከተሉ ሳይታሰብበት የገባ ቢሆን እንኳ ትክክል ነው ብዬ ስለማምን፣ የዛሬውን ንግግሬን በእርሱ ላይ ልመሠርት ወስኛለሁ።

እኔ ለብዙ ዓመታት የአጥቢያ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ያገለገልሁ ሰው ነኝ። በእነዚያ ዓመታት ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ደጋግመው የመጡብኝ ሁለት ናቸው። አንደኛው «በእምነት ነው የጀመርነው» የሚለው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ፌሮው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ በቀረ፣ ዝናብ ሲዘንብበት በከረመ ምሰሶ ሥር ቆሞ ነው። ሁለተኛው «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ነው፤ ይህም የሚነገረው በመዝገብ ላይ ያለው ቍጥርና በካዝና ያለው ብር አልገናኝ ሲሉ ነው። ሁለቱም ቃላት እውነት ናቸው። እግዚአብሔር በእውነት ያውቃል፤ በእምነት የሚጀመር ሥራም አለ። ነገር ግን ሁለቱንም የተናገራቸው ሰው ከመታመን ይልቅ ከጥያቄ ለመሸሽ የተጠቀመባቸውን ጊዜ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዳንዴም ያ ሰው እኔው ነበርሁ።

መታመን ምን እንደሚመስል ለማየት ከመጽሐፈ ዕዝራ ስምንተኛውን ምዕራፍ የሚተካከል ክፍል አላገኘሁም። ምዕራፉ የስም ዝርዝር ስለሚበዛበት በመድረክ ላይ እምብዛም አይሰበክም፤ እኔ ግን ገንዘብ ያዥ ሁሉ በየዓመቱ ሊያነበው ይገባል ባይ ነኝ። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለሰውን ሕዝብ ይዞ አኅዋ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ሰፍሯል። የንጉሡ የአርጤክስስ ደብዳቤ በእጁ ነው፤ ንጉሡና አማካሪዎቹ የሰጡት ብርና ወርቅ፣ የሕዝቡም መባ ተሰብስቧል። በዛሬ አነጋገር በጀቱ ተሟልቷል። በዚያ ሦስት ቀን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲቃኝ ግን አንድ ነገር ጎደለው፤ በእግዚአብሔር ቤት ለማገልገል ከተለዩት ከሌዊ ልጆች አንድም ሰው አላገኘም። ወርቁ ነበረው፤ ሌዋዊ ግን አልነበረውም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን ብንጠይቅ፣ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ጉዞውን እናዘገይ ነበር? ገንዘቡ ካለ ሰው አይጠፋም ብለን ድንኳኑን ነቅለን በሄድን ነበር። ዕዝራ ግን አልተንቀሳቀሰም። አለቆችንና አስተዋይ ሰዎችን መርጦ ካሲፍያ በሚባለው ስፍራ ወዳለው ወደ አለቃው ወደ አዶ ላካቸው፤ የሚናገሩትንም ቃል በአፋቸው አደረገላቸው። ከዚያ የተገኙት ሰዎች ቍጥር ሳይቀር ተጽፏል፤ ሰራብያ ከልጆቹና ከወንድሞቹ ጋር 18፣ ሐሸብያና የሻያ ከነቤተ ሰባቸው 20፣ ናታኒም ከሚባሉት የቤተ መቅደስ አገልጋዮችም 220 ናቸው። ያን ለሚያህል ሥራ 38 ሌዋውያን ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ ልብ በሉ። ዕዝራ ግን እነዚህን ሲያገኝ «በላያችን መልካም በሆነችው በአምላካችን እጅ» መጡልን ብሎ መዘገበ። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ መልካሚቱ የእግዚአብሔር እጅ በመጀመሪያ የተጠራችው ስለ ሰው መገኘት እንጂ ስለ ወርቁ አይደለም።

ዕዝራ በወንዙ ዳር ያወጀው ጾም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዕዝራ ለንጉሡ «የአምላካችን እጅ በሚሹት ሁሉ ላይ ለመልካም ናት» ብሎ ተናግሮ ስለነበር፣ በመንገድ ከጠላት የሚጠብቁትን ወታደሮችና ፈረሰኞች መለመን አፈረ። ይህን ክፍል የሚጠቅሱ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሲያቆሙም፣ ከዕዝራ በኋላ በዚያው መንገድ የመጣው ነህምያ የጦር አለቆችንና ፈረሰኞችን ከንጉሡ ተቀብሎ እንደ ተጓዘ አያነሡም። ሁለቱም የአንድ አምላክ ባሪያዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ወታደር አለመጠየቅ ለሁሉም የተደነገገ የእምነት ሕግ አይደለም። ዕዝራ አፉ የተናገረውን በተግባሩ ላለማፍረስ ያደረገው ነበር። ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያ ናት፤ በመድረክ ላይ «አምላካችን ያዘጋጃል» ብላ ከተናገረች፣ በማግስቱ በየባለሀብቱ በር የምታደርገው ነገር ከቃሏ ጋር መስማማት ይኖርበታል።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ግን ለእኛ ለገንዘብ አገልጋዮች ከጾሙ ይልቅ የሚከብድ ነው። ዕዝራ ከጸለየ በኋላ ከካህናቱ አለቆች አሥራ ሁለት ለየና ብሩን፣ ወርቁንና ዕቃውን መዝኖ አስረከባቸው፤ 650 መክሊት ብር፣ 100 መክሊት የሚመዝን የብር ዕቃ፣ 100 መክሊት ወርቅ። አንድን መክሊት በግምት 30 ኪሎ ብንል፣ ብሩ ብቻውን ወደ ሃያ ሺህ ኪሎ ይጠጋል። ከዚያም ኢየሩሳሌም እስክትደርሱና በእግዚአብሔር ቤት ጓዳዎች ውስጥ እስክትመዝኑ ድረስ ተግታችሁ ጠብቁ አላቸው። ከባቢሎን ከወጡ አራት ወር ሞልቶ ኢየሩሳሌም ደረሱ። በአራተኛው ቀን ሁሉም በካህኑ በሜሪሞት እጅ፣ ሌሎች ካህናትና ሌዋውያን ባሉበት፣ በቍጥርና በሚዛን ተመዘነ፤ ሚዛኑም ሁሉ በዚያን ጊዜ ተጻፈ።

ለምን መዘነ? ጾሞ የለም ወይ? በእግዚአብሔር እጅ የታመነ ሰው የካህናት አለቆችን ሁለት ጊዜ መመዘኑ መጠራጠር አይሆንበትም ወይ? እኔ ገንዘብ ያዥ በነበርሁበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ አንሥተውብኝ ነበር፤ «እኛ ወንድማማቾች ነን፤ ቆጠራ ላይ ሦስት ሰው ማቆም መተማመንን ያጠፋል» አሉኝ። በዚያ ቀን የሚገባ መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን የዕዝራን ሚዛን አሳያቸው ነበር። ዕዝራ የታመነው በእግዚአብሔር ነው፤ የመዘነው ደግሞ ሰው የሚሸከመውን ነው። ወርቁ ለእግዚአብሔር የተለየ ስለሆነ በሰው እጅ ሲያልፍ መጠኑ መጻፍ ነበረበት። ያልተመዘነ ወርቅ የሚያልፈው በተሸካሚው ላይ በመታመን ነው፤ ዕዝራ ግን ይህን ሸክም በወንድሞቹ ጫንቃ ላይ መጣል አልፈለገም።

ከመጽሐፉ ወጥተን ወደ አገራችን እንመለስ። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነበር። ሥራቸው አዝጋሚ ነበር፤ ጣሊያን አገሪቱን ወሮ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከሶዶ ሲያስወጣቸው፣ የተጠመቁት የወላይታ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ትተውላቸው የሄዱት የማርቆስን ወንጌልና ጥቂት የመጽሐፍ ክፍሎችን ነው። ገንዘብ አልተዉላቸውም። ይህ በጭካኔ የሆነ አልነበረም፤ የአገሬው ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያው ራሷን እንድትችል፣ የጸሎት ቤቷን በራሷ እንጨትና ሣር እንድትሠራ፣ አገልጋዮቿንም ራሷ እንድትመግብ ሚሲዮናውያኑ የያዙት መመሪያ ስለነበረ ነው። እነዚያ ሚሲዮናውያን ወደ ኋላ እያዩ ሲሄዱ የተዉት ጉባኤ ይተርፋል ብለው ለመናገር እንኳ ፈርተው ነበር።

በወረራው ዘመን የሆነው በወላይታ እስከ ዛሬ ይተረካል። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። የዚያን ዘመን እስር ቤት እስረኛን አይመግብም፤ ዘመድ የሌለው እስረኛ ይራባል። አማኞቹ ግን ለታሰሩ ወንድሞቻቸው ምግብ ተሸክመው ይመጡ ነበር፤ በዝቶም ለሌሎቹ እስረኞች ይተርፍ ነበር ይባላል። ጎረቤቶቻቸው ይህን አይተው፣ ዘመዱ ላልሆነ ሰው እንጀራ የሚሸከም ይህ ሰው ማነው ብለው ጠየቁ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ሚሲዮናውያን ሲመለሱ፣ ትተዋቸው በሄዱት 48 ሰዎች ምትክ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞችና ወደ 100 የሚጠጉ ጉባኤያት አገኙ።

እዚህ ላይ እጅግ ልጠንቀቅ፤ ከዚህ ታሪክ «ገንዘብ አያስፈልግም» የሚል ትምህርት ሊወጣ ይችላልና። እኔ የማወጣው እርሱን አይደለም። የወላይታ ጉባኤ ስጦታ አልተቋረጠም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የተጀመረው ማለት ይቻላል። የተሰጠው ግን ብር አልነበረም፤ ጥሬ፣ እንጀራ፣ ጉልበትና ሌሊት የሚደረግ መንገድ ነበር። እግዚአብሔር አስቀድሞ የሰጣቸው ሰው ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ የቀረውን ይዘው መጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚያው ጉባኤያት ወንጌላውያንን ወደ ጎረቤት አውራጃዎች ልከው ከእርሻቸው ፍሬ ረዷቸው። ድሀ ጉባኤ መልእክተኛ ሲልክ ማየት ዛሬ «አቅም የለንም» ለምንል የከተማ ሰዎች የማይመች ነገር ነው።

ነገሩ በእኛ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየችው በመሬቷ ነበር፤ ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ ያ መሠረት በአንድ ቀን ተነቀለ። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ምእመናንንና ካህናትን በየአጥቢያው በሰበካ ጉባኤ የሚያደራጀው ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ነበር። መሬቱ ሲሄድ ምእመናኑ የሚሰበሰቡበት፣ የሚመዘገቡበትና የሚያዋጡበት ሥርዓት ተዘጋጅቶ ቆይቷል። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው ከመንበራቸው ወርደው በኋላም በደርግ እጅ ተገደሉ፤ ያደራጁት ግን ቀረ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያጸናትን እኛም ልንማረው የሚገባን ይመስለኛል፤ ገንዘቡ ከመጥፋቱ በፊት ሰዎቹ በስም ታውቀው ነበር።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም በአጭሩ ይህንኑ ይናገራል። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲዘጋ የጸሎት ቤቶቿንና ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ። አማኞቹ ወደ 5,000 ይጠጉ ነበር። አምስት ስድስት ሰዎች ሆነው በየቤቱ እየተሰበሰቡ ዓመታትን አሳለፉ፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ሲወጡ ቍጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ካዝና የሌላት ቤተ ክርስቲያን አደገች ማለት ካዝና ይጥፋልን ብለን እንጸልይ ማለት አይደለም፤ እኔ በበኩሌ እንደዚያ የሚጸልይ ሰው ቢመጣ የገንዘብ ክፍሉን እንዲመራ አልመርጠውም። ነገር ግን ዋናው ሀብት የትኛው እንደነበረ ደርግ ራሱ ሳያውቅ አሳይቷል፤ ወረሰው የተባለው ሁሉ ያልነበረ ያህል ሆነ፣ ሊወርሰው ያልቻለው ግን በዛ።

ወደ መባ ሰዓት እንምጣ። መባ ሲሰበሰብ ከሚነበቡት ጥቅሶች የፊልጵስዩስ መልእክት 4፥19 ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም፤ አምላኬ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላል የሚለው። ጥቅሱን ግን ከተነገረለት ጉባኤ ነጥለን እንወስደዋለን። ጳውሎስ ይህን የጻፈው አስቀድሞ ለሰጡ ሰዎች ነው። አንድ ቍጥር ወደ ላይ ብንወጣ «ሁሉ አለኝ ይበዛልኝማል» የሚለውን እናገኛለን። «አለኝ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል በዚያ ዘመን በንግድ ደረሰኝ ላይ «ተቀብያለሁ» ለማለት የሚጻፍ ቃል ነበር። ስለዚህ ያ ታላቅ ተስፋ የተጻፈው ከደረሰኝ ሥር ነው። ስጦታውንም ያመጣው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ፊልጵስዩሳውያን ገንዘብ ብቻ አላኩም፤ ከእርሱ ጋር የራሳቸውን ሰው ላኩ።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ እኔም ተከራክሬበታለሁና ልመልስበት። በ2ኛ ነገሥት 12 ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ በክዳኑ ላይ ቀዳዳ አበጀ፤ ሕዝቡም ለቤቱ ማደሻ ገንዘብ ጣለበት። በዚያው ምዕራፍ ገንዘቡን ለሠራተኞች የሚከፍሉት ሰዎች በታማኝነት ስለሠሩ ሒሳብ አልተጠየቁም ተብሏል። «እንግዲህ ኦዲተር ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ ወንድሞች ይህን ቍጥር ይዘው ይመጣሉ። ነገር ግን ከዚያ ቍጥር በፊት ያለውን አላነበቡም። በሣጥኑ ውስጥ ብዙ ገንዘብ እንዳለ በታየ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ወጥተው ይቆጥሩት ነበር። ከሁለት ቤት የተውጣጡ ሁለት ሰዎች ቆጥረውታል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሣጥኑ የመጣው ካህናቱ ብቻቸውን በተቀበሉበት ዘመን ቤቱ እስከ ንጉሡ እስከ ኢዮአስ 23ኛ ዓመት ድረስ ሳይታደስ ስለቀረ ነው። ከዚህ ታሪክ «አይቆጠር» የሚል ሕግ ያወጣ ሰው ቀዳዳውን አይቶ ሣጥኑን ረስቷል።

በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ የወላጅ አልባ ልጆችን ቤት በ1836 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጆርጅ ሙለር ለእኛ ሰባኪዎች የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ለሰው ሳይናገር ለእግዚአብሔር ብቻ እየለመነ ከ10,000 በላይ ልጆችን አሳደገ። እምብዛም የማይነገረው ግን ይህ ሰው ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይሰጥ፣ በየዓመቱም ገቢና ወጪውን ዘርዝሮ ያትም እንደነበረ ነው። አንዳንዶች ያን ሰው በጸሎቱ ብቻ ሊመስሉት ይፈልጋሉ፤ መዝገቡን ለሌላ ሰው ይተዉለታል።

እስካሁን ስለ ቆጠራ የተናገርሁት ለእኔ ቀላሉ ክፍል ነበር። አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ነህምያ ከንጉሡ ዘንድ ተመልሶ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ለሌዋውያን ድርሻቸው እንዳልተሰጠ፣ መዘምራኑና ሌዋውያኑም እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው እንደ ሸሹ አወቀ። ሌዋውያኑን «እምነታችሁ የት ሄደ?» ብሎ አልገሠጻቸውም። የተከራከረው ከሹማምቱ ጋር ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ አላቸው። ሌዋውያኑን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው፤ ሕዝቡ አሥራቱን ሲያመጣም ካህኑን ሰሌምያን፣ ጸሐፊውን ሳዶቅንና ከሌዋውያን ፈዳያን በዕቃ ቤቱ ላይ ሾመ። ምክንያቱንም ሲናገር የታመኑ ሆነው ተገኝተዋልና ይላል።

ይህን ስታነቡ የምታውቁት አንድ ወንጌላዊ ፊታችሁ ላይ እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ከከተማ ርቆ ሦስት አጥቢያዎችን በእግሩ የሚያዳርስ፣ የወር ደመወዙ ሁለት ወር ሦስት ወር የሚዘገይበት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ ከዘመድ የሚበደር ሰው ነው። ስለ ደመወዙ ሲጠይቅ «ወንድሜ፣ ጌታ ያዘጋጃል» ይባላል። ቃሉ እውነት ነው፤ ችግሩ የተናገረው አፍ ገንዘቡ ከተቀመጠበት ክፍል መውጣቱ ነው። ጌታ ያዘጋጀው ነገር በእኛ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ወንጌላዊውን ወደ ጸሎት መላክ በእግዚአብሔር ላይ መታመንን አያስተምረውም፤ በእኛ ላይ መታመንን ያስረሳዋል እንጂ። ጥሪ የነበራቸው አገልጋዮች ሲሄዱ የሚነገርላቸው «ዓለም ስቦ ወሰደው» የሚለው ቃል አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ወደ እርሻቸው እንዲሸሹ ያደረግናቸው ራሳችን ነን።

ስለ ገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅቶች በዝርዝር አልናገርም፤ ስለ ጨረታውና ስለ ቃል መግቢያ ወረቀቱ ሌሎች ወንድሞች የተሻለ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ በመድረክ ላይ ስሙ የሚጠራው ብዙ የሰጠው ሰው ብቻ ከሆነ፣ መቀነቷን ፈትታ ያላትን ሁሉ የሰጠችው እናት ስሟ በማንም ሳይጠራ ትወጣለች፤ ጌታችን ግን በመባ ሣጥን ፊት ተቀምጦ የተመለከተው እርሷን ነበር።

በመጨረሻ ወደ ዛሬው ሥራችን እመጣለሁ። ከምሳ በኋላ የሚቀርብላችሁን የዓመቱን በጀት ረቂቅ አስቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ያዘጋጁት ወንድሞች ብዙ ደክመውበታል፣ ቍጥሩም ይገናኛል። የመጀመሪያው መስመር ግን የአዳራሽ ግንባታ ማስጨረሻ ነው፤ የወንጌላውያን ደመወዝ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው፤ ስማቸውም አልተጻፈም፣ «ልዩ ልዩ አገልጋዮች» ተብሏል። የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ማንኛውም ቍጥር ከመነበቡ በፊት የአሥራ አንዱ ወንጌላውያን ስም በዚህ ጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ከየት እንደሚያገለግሉ፣ እስከ የትኛው ወር እንደተከፈላቸውም ይነገር። ሁለተኛ፣ የውዝፍ ደመወዙ ክፍያ ወደ መጀመሪያው መስመር ይምጣ። የሚጎድለው ከግንባታው ላይ ከሆነ ፌሮው ሌላ አንድ ክረምት ይጠብቅ፤ እስካሁንም ጠብቋል። ዕዝራ በአኅዋ ወንዝ ዳር ሦስት ቀን የቆመው ወርቁ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ነበር።